ሻንግሃይ፤ በኀይል የተከፈተች፣ በባለቤቷ እጅ የተመለሰች ወደብ

(በሬዲዮ የተነገረ)

ዛሬ በዚህ ሰዓት የምናወሳላችሁ ስለ ሻንግሃይ ከተማ ነው። ሻንግሃይ በቻይና አገር በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ የምትገኝ ታላቅ ወደብ ስትሆን፣ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ24 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ የሚበልጥ ነዋሪ ተቈጥሮባታል። ከአገራችን ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ወደዚያ የሚሻገረው ሰው ዛሬ ጥቂት አይደለም። ሆኖም መንገደኛው ሰማይ ጠቀሱን ሕንጻ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ዕቃውን ሸምቶ ቢመለስ፣ ከተማይቱን በዐይኑ አያት እንጂ በልቡናው አላያትም። ስለዚህ ይህ ንግግራችን መንገደኛውን በየሠፈሩ እየመራ፣ የሚያየው ግንብ ምን ታሪክ እንዳለው ሊያስረዳው አስቧል። በንግግራችን ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በእኛ አገር እንግዳ ከደጃፍ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ይቀበለዋል። ይህ ቃል የክብር ቃል ነው፤ ነገር ግን ክብሩ የሚጸናው ቃሉን የሚናገረው ባለቤቱ ሲሆን ብቻ ነው። እንግዳው በሩን ሰብሮ ገብቶ፣ ከምድጃው አጠገብ ተደላድሎ፣ ባለቤቱን «አንተ በዚያ በኩል ተቀመጥ» ቢለው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሻንግሃይ የሆነው ይህ ነው። በሩን የከፈተው ማን ነበር? ቍልፉስ በማን እጅ ነበረ? ብሎ የጠየቀ ሰው የከተማይቱን ታሪክ ዋና ጕዳይ ያገኘዋል።

አስቀድመን ስሟንና አቀማመጧን እንመልከት። በቻይናውያን ቋንቋ «ሻንግ» ማለት ላይ፣ «ሃይ» ማለት ባሕር ስለ ሆነ፣ የከተማይቱ ስም «በባሕር ላይ» እንደ ማለት ነው። ስያሜው ከተፈጥሮዋ ጋር የተስማማ ነው። ከእስያ ወንዞች ሁሉ ረዥሙ ያንግትሴ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደ ባሕር የሚገባው በዚህች ከተማ አጠገብ ነው። ዓባያችን ከደጋው አጥቦ በወሰደው አፈር የግብፅ ሜዳ እንደ ለማ ሁሉ፣ ያንግትሴም ከመካከለኛው ቻይና ጠርጎ ባመጣው ደለል ባሕሩን ወደ ኋላ እየገፋ ከተማይቱ የቆመችበትን ሜዳ ፈጥሯል። በወንዙ አፍ የሚገኘው ቾንግሚንግ የተባለው ሰፊ ደሴትም የዚሁ ደለል ልጅ ነው።

የከተማይቱ እምብርት ግን ያለው በያንግትሴ ዳር ሳይሆን፣ ወደ እርሱ በሚፈስሰው በሁዋንግፑ ወንዝ ግራና ቀኝ ነው። ከውቅያኖስ የሚመጣው መርከብ ከማዕበል ተጠልሎ የሚቆመው፣ ከውስጥ አገር በጀልባ የሚወርደው ሐር፣ ሻይና ጥጥ የሚራገፈው በዚህ ወንዝ ዳር ነበር። ስለዚህ ሻንግሃይን የያዘ የዚያን ሰፊ አገር መዝጊያ እንደ ያዘ ይቈጠር ነበር።

ጐብኚው ጕዞውን ከአሮጌው ከተማ ይጀምር። አንዳንድ የጉብኝት መጻሕፍት ሻንግሃይ አውሮፓውያን እስኪመጡባት ድረስ የዓሣ አጥማጆች መንደር ብቻ እንደ ነበረች ያወራሉ። ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው። ሻንግሃይ በራሷ ስም የተቋቋመች አውራጃ የሆነችው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ሞንጎሎች ቻይናን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን ሁዋንግ ዳዎፖ የተባለች የአካባቢው ተወላጅ ሴት፣ ሃይናን በሚባለው የደቡብ ደሴት ብዙ ዓመት ኖራ ጥጥ የመዳመጥ፣ የመንደፍ፣ የመፍተልና የመሸመን አዲስ ዘዴ ተምራ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከእርሷ በኋላ የሻንግሃይ አካባቢ የጥጥ ጨርቅ በቻይና ምድር ሁሉ የታወቀ ሆነ። ሸማ ሠሪ ባለበት አገር ላደገ ሰው፣ አንዲት ፈታይ ለከተማ መሠረት መሆኗ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የጨርቁ ንግድ ሀብትን አመጣ፤ ሀብቱም ወንበዴን ጠራ። በ1553 የባሕር ወንበዴዎች እየተመላለሱ ስለ ዘረፏት ነዋሪዎቿ ከተማቸውን ክብ በሆነ ቅጥር አጠሩ። ያ ቅጥር ከ1912 ጀምሮ ፈርሶ፣ ዛሬ ጥቂት ቍራሽ ብቻ ቀርቶለታል። ነገር ግን በቦታው ላይ የተዘረጋው መንገድ እስከ አሁን ክብ ስለ ሆነ፣ ካርታ የሚመለከት ሰው የጥንቱን ከተማ ዙሪያ በጣቱ ሊከተለው ይችላል። በ1685ም የቻይና ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በሻንግሃይ የባሕር ጉምሩክ አቋቁሞ ነበር። እንግዲህ ወደቡም፣ ንግዱም፣ ቀረጡም ባዕዳን ከመምጣታቸው በፊት ነበሩ ማለት ነው።

በዚሁ በአሮጌው ከተማ ውስጥ የዩ አትክልት ስፍራ ይገኛል። ፓን ዩንዱዋን የተባለ ባለሥልጣን አባቱ በእርጅናው ዘመን ደስ ብሎት እንዲያርፍበት ሲል ሥራውን በ1559 አስጀምሮ በ1577 ፈጸመው። ኩሬው፣ እንደ ተራራ የተከመረው ድንጋይ፣ ግድግዳው ላይ እንደ ዘንዶ የተጋደመው ክዳን ሁሉ በጠባብ ቦታ ሰፊ ዓለም ለማሳየት የታሰበ ነው። ከአትክልቱ ደጃፍ ዘጠኝ ጊዜ የሚጠማዘዝ ድልድይ አለ፤ በድልድዩም መካከል በውሃ ላይ የቆመ አሮጌ የሻይ ቤት ይታያል። ጐብኚው በዚያ ሠፈር በስስ ሊጥ ውስጥ ሥጋና መረቅ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለውን የአገሩን ምግብ ሳይቀምስ አይለፍ። ነገር ግን መረቁ እጅግ ትኵስ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ሊጡን በትንሹ ነክሶ፣ መረቁን ቀስ ብሎ መጠጣት፣ ከዚያ ወዲያ የቀረውን መብላት ይገባዋል።

ከዚህ ከተማ ከተወለዱት ሰዎች መካከል በ1562 የተወለደው ሹ ጓንግቺ ይጠቀሳል። ይህ ሰው በመንግሥቱ ዘንድ ከፍ ያለ ሹመት የነበረው ሊቅ ነበር። ማቴዎ ሪቺ ከተባለው የኢጣልያ ተወላጅ ካህን ጋር በቤይጂንግ አብሮ ተቀምጦ፣ የግሪኩን የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች ወደ ቻይንኛ መልሶ በ1607 አሳትሟል። ሹጂያሁዊ የሚባለው የዛሬው ትልቅ የገበያ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእርሱ ቤተ ሰብ ነው፤ መቃብሩም በዚያው ይገኛል። እነሆ፣ በዚያን ጊዜ እንግዳው መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ ባለቤቱም ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። ሁለቱም ተጠቀሙ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ የመጣው እንግዳ ግን በሌላ መንገድ መጣ። በሰኔ ወር 1842 የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ ሻንግሃይ ገብተው፣ የሰፈሩትም ፓን ዩንዱዋን ለአባቱ ዕረፍት ባበጀው በዚያ የአትክልት ስፍራ ነበር።

የጦርነቱ ምክንያት የታወቀ ነው። እንግሊዞች ከቻይና ሻይና ሐር ይገዙ ነበር። ቻይናውያን ግን የእንግሊዝን ዕቃ እምብዛም ስለማይፈልጉት የሚከፈላቸው በጥሬ ብር ነበር። ነጋዴዎቹ ብሩን ለማስቀረት ሲሉ ኦፒየም የተባለውን፣ አእምሮ የሚያደነዝዝና ሰውን ባሪያ የሚያደርግ ዕፅ በሕንድ አገር እያስመረቱ በቻይና ጠረፍ መሸጥ ያዙ። ነገሩ የተከለከለ ቢሆንም ንግዱ በድብቅ እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብሩ ከቻይና ወደ ውጭ ይፈስስ ጀመር። በ1839 ሊን ዘሹ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ከ20,000 ሣጥን የሚበልጥ ኦፒየም በካንቶን አጠገብ ወርሶ አጠፋ። እንግሊዝም የነጋዴዎቿ ንብረት ተነካ ብላ የጦር መርከቦቿን ላከች።

ቻይና ተሸነፈች። በነሐሴ 29 ቀን 1842 በተፈረመው የናንኪንግ ውል መሠረት ሆንግ ኮንግን ለቀቀች፤ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ለመክፈል ግዴታ ገባች፤ ካንቶን፣ አሞይ፣ ፉጆው፣ ኒንግቦና ሻንግሃይ የተባሉትን አምስት ወደቦች ለንግድ ከፈተች። ሻንግሃይ ለባዕዳን በይፋ የተከፈተችበት ቀን ኅዳር 17 ቀን 1843 ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንሲል ሻምበል ባልፎር ከቅጥሩ በስተ ሰሜን ያለውን የወንዙን ዳር መረጠ፤ በ1845ም የመሬት ደንብ ወጣ። በ1849 ፈረንሳዮች የራሳቸውን ሠፈር ተቀበሉ። አሜሪካኖችም በሰሜን በኩል ሰፈሩ፤ በ1863 የእነርሱና የእንግሊዞቹ ሠፈር ተቀላቅሎ «ዓለም አቀፍ ሠፈር» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሻንግሃይ በአንድ ስም የምትጠራ ሦስት ከተማ ሆነች። የቻይናው ክፍል አንድ፣ የፈረንሳዩ አንድ፣ የዓለም አቀፉም አንድ። ለየአንዳንዱ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ ግብር፣ የራሱ ደንብ ነበረው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሕጉ ነገር ነበር። የባዕዳኑ መንግሥታት ዜጎች በቻይና ምድር ላይ ጥፋት ቢያደርጉ በየቆንሲላቸው ፊት በየአገራቸው ሕግ ይዳኙ ነበር እንጂ የቻይና ዳኛ ሊጠይቃቸው አይችልም ነበር። ይህ ዓይነቱ ነገር ለእኛም አገር ታሪክ ባዕድ አይደለም። በ1908 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገው፣ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል በኢትዮጵያ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች በቆንሲል ፊት የመዳኘትን መብት ሰጥቶ ስለ ነበር፣ አባቶቻችን ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁት ነበር። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ በሻንግሃይ ዳኝነቱ ብቻ ሳይሆን መንገዱም፣ ፖሊሱም፣ ግብሩም በባዕዳን እጅ ነበር።

አሁን ጐብኚው ከአሮጌው ከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን ጥቂት ቢራመድ ቡንድ ወደሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ይደርሳል። «ቡንድ» ከሕንድ አገር የመጣ ቃል ሲሆን ውሃ የሚገድብ ግንብ ማለት ነው። ቻይናውያን ዋይታን፣ ማለት የውጭው ዳርቻ ይሉታል። በዚያ አንድ ኪሎ ሜርና ግማሽ ያህል ርዝመት ባለው መንገድ ላይ በአውሮፓውያን ሥርዓት የታነጹ ግዙፍ የድንጋይ ቤቶች እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ቆመዋል። ትልቁና ጕልላት ያለው በ1923 የተፈጸመው የሆንግ ኮንግና ሻንግሃይ ባንክ ሕንጻ ነው። በጕልላቱ ውስጥ ባንኩ ቅርንጫፍ የነበረባቸው የስምንት ታላላቅ ከተሞች ሥዕል በጥቃቅን ጠጠር ተለብጦ ይታያል። ይህ ሥዕል ለብዙ ዘመን በኖራ ተሸፍኖ ኖሮ በ1997 ሕንጻው ሲታደስ ተገለጠ።

ከባንኩ ቀጥሎ የሰዓት ማማ ያለው በ1927 የተሠራው የጉምሩክ ቤት ነው። ጐብኚው በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ይበል። ከ1854 ጀምሮ የሻንግሃይ ጉምሩክ በባዕዳን ተቈጣጣሪዎች ሥር ዋለ፤ አሠራሩም ወደ ሌሎቹ ወደቦች ተዛመተ። ሮበርት ሃርት የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ከ1863 እስከ 1911 የቻይና ጉምሩክ ጠቅላይ ሹም ነበር። ሒሳቡ በሥርዓት መያዙን፣ ጕቦ መቀነሱን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ነገር ግን የቀረጡን ልክ የወሰነው ውሉ እንጂ ቻይና ስላልነበረች፣ በገዛ በሯ የሚገባውን ዕቃ እንደ ፈቀደችው ልትቀርጥ አልቻለችም። ከገቢውም ብዙው ለጦር ካሣና ለውጭ ብድር ዕዳ ይውል ነበር። መልካም ሒሳብ ያዥ መልካም ነገር ነው፤ ሣጥኑ የማን ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በመንገዱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የሱጆው ወንዝ ከሁዋንግፑ በሚገናኝበት ቦታ አንድ ትንሽ የሕዝብ መናፈሻ ይገኛል። ይህ መናፈሻ በ1868 ሲከፈት ቻይናውያን እንዳይገቡበት ተከልክሎ ነበር። «ቻይናውያንና ውሾች አይግቡ» የሚል ሰሌዳ በደጁ ተሰቅሎ ነበር እየተባለ በሰፊው ይነገራል። በእውነቱ የተሰቀለው ሰሌዳ ብዙ ደንቦች የተዘረዘሩበት ነበር፤ መናፈሻው ለባዕዳን የተጠበቀ መሆኑ በአንድ ቍጥር፣ የውሾቹም ክልከላ በሌላ ቍጥር ተጽፎ ነበር። የሕዝቡ አእምሮ ሁለቱን ደንቦች ወደ አንድ አመጣቸው። ቃሉ ቢለያይም ስድቡ አልተለየም፤ ምክንያቱም ለመናፈሻው ማስጠበቂያ ከሚውለው ግብር ከፍ ያለውን ድርሻ የሚከፍሉት ቻይናውያን ነዋሪዎች ነበሩና። በሩ የተከፈተላቸው በ1928፣ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በዓለም አቀፉ ሠፈር የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤትም ውስጥ ቻይናውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ያገኙት በዚያው ዓመት ነበር።

እነዚህ ቻይናውያን ነዋሪዎች እንዴት ወደ ባዕዳኑ ሠፈር ገቡ? ቢባል መልሱ በየመንደሩ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ1850ዎቹ በከተማይቱ ውስጥ ዐመፅ ተነሣ፤ በዙሪያዋም የታይፒንግ ጦርነት አገሩን አቃጠለው። በዚህ ጊዜ እጅግ ብዙ ስደተኛ ባለጸጋውም ድኻውም ወደ ባዕዳኑ ሠፈር ፈለሰ። ባዕዳኑም ለኪራይ የሚሆን ቤት በረድፍ በረድፍ ይሠሩ ጀመር። በዚህ ዓይነት ባለ አገሩ በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆነ። ጐብኚው ዛሬ በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የሚያያቸው፣ በራቸው በድንጋይ መቃን የተከበበው፣ ገሚሱ እንደ ቻይና፣ ገሚሱ እንደ አውሮፓ የተሠሩት ቤቶች የዚያ ዘመን ትውልድ ናቸው። ከ1895 ወዲህ ደግሞ፣ ጃፓን ቻይናን ድል አድርጋ ባስፈረመችው ውል ባዕዳን ፋብሪካ እንዲያቆሙ ስለ ተፈቀደላቸው፣ ከገጠር የመጡ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በጥጥ መፍተያው ቤት ቀንና ሌሊት ይሠሩ ጀመር።

ከቡንድ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የናንጂንግ መንገድ ዛሬ በሱቅ የተሞላ፣ ከፊሉ ለእግረኛ ብቻ የተለየ ጎዳና ነው። በግንቦት 30 ቀን 1925 በዚህ መንገድ ላይ፣ በጃፓኖች ፋብሪካ ስለ ተገደለው ሠራተኛ አቤት ለማለት ተማሪዎችና ሠራተኞች ተሰልፈው ወጡ። በእንግሊዛዊ መኰንን የሚመራው የሠፈሩ ፖሊስ ተኵስ ከፍቶ በርካታ ሰዎች ገደለ። ወሬው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ በታላላቅ ከተሞች ሥራ ቆመ፤ የባዕዳን ዕቃ አንገዛም ተባለ። ዕቃውን የሚመርጥ ጐብኚ የቆመበት ንጣፍ የሰው ደም የፈሰሰበት መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው።

በፈረንሳዮቹ ሠፈር በኩል ቅጠለ ሰፊ ዛፎች ያጠሏቸው፣ ለእግር መንሸራሸሪያ የተመቹ መንገዶች ይገኛሉ። የማርሻል ዦፍር ስም ይጠራበት የነበረው ዋና ጎዳና ዛሬ ሁዋይሃይ ይባላል። ከዚያ አጠገብ ባለ አንድ ድንጋይ መቃን ቤት ውስጥ በሐምሌ 1921 ዐሥራ ሦስት መልእክተኞች ተሰብስበው የቻይናን ኮሙኒስት ፓርቲ አቋቋሙ። የቻይና መንግሥት ፖሊስ በፈረንሳዮች ሠፈር እንዳሻው መግባት ስለማይችል ቦታው ለምስጢር የተመቸ መስሏቸው ነበር። ሆኖም የፈረንሳዮቹ ፖሊስ ስለ ደረሰባቸው ስብሰባውን በሌላ ከተማ በሐይቅ ላይ፣ በጀልባ ውስጥ ጨረሱት። ባዕዳን ለራሳቸው ብለው ያቆሙት አጥር በመጨረሻ እነርሱን የሚያስወጣውን ኀይል አስጠልሎ አሳደገ። ታሪክ እንዲህ ያለ ቅኔ አለው።

ጐብኚው ከዚህ ተመልሶ ወደ ሱጆው ወንዝ ዳር ይምጣ። በዚያ ሲሃንግ የተባለ መጋዘን አለ። ጃፓኖች በነሐሴ 1937 ሻንግሃይን በወጉ ጊዜ ጦርነቱ ሦስት ወር ያህል ቆየ። በመጨረሻም አራት መቶ ያህል የቻይና ወታደሮች የዋናውን ጦር ማፈግፈግ ለመሸፈን ሲሉ በዚህ መጋዘን ውስጥ መሽገው ከጥቅምት 26 ቀን እስከ ኅዳር 1 ቀን ድረስ ተዋጉ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ዓለም አቀፉ ሠፈር ስለ ነበር፣ ባዕዳኑም ቻይናውያኑም ከዚያ ቆመው ውጊያውን ይመለከቱ ነበር። በአንዱ ዳር ሰው ይሞታል፤ በሌላው ዳር መብራቱ ይበራል። ጥይት የበሳው የመጋዘኑ ግድግዳ ለትዝታ ተጠብቆ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል።

ነገር ግን ታሪክን በሚዛን መናገር ይገባል። በዚያው በባዕዳን ሠፈር ምክንያት ሻንግሃይ ለብዙ ሺህ ነፍሳት መዳኛ ሆናለች። ከ1938 ጀምሮ በጀርመንና በአውስትሪያ የሚኖሩ አይሁድ ከናዚዎች ሸሽተው የሚሄዱበት አገር ሲያጡ፣ በጦርነቱ ምክንያት የመግቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ያልነበረባት ሻንግሃይ ተቀበለቻቸው። በቪየና የነበረው የቻይና ቆንሲል ሄ ፌንግሻን ከናዚዎች እጅ ለመውጣት የሚረዳቸውን ቪዛ ለብዙዎች በድፍረት ሰጥቷል። ወደ ከተማይቱ የደረሱት 20,000 ያህል ነበሩ። በ1943 ጃፓኖች አብዛኞቹን በሆንግኮው ክፍል በጠባብ ክልል ውስጥ አጐሯቸው፤ በዚያም ከድኻ ቻይናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተጨናንቀው ጦርነቱ እስኪያልፍ ኖሩ። ከምኵራቦቻቸው አንዱ፣ ኦሄል ሞሼ የሚባለው፣ አሁን የስደተኞቹ ቤተ መዘክር ነው። ጊዜ ያጠረው ጐብኚ ሌላውን ቢተው እንኳ ይህን አይተው። በኀይል ያልመጣ፣ ተቸግሮ የመጣ እንግዳ ምን ዓይነት መጠጊያ እንዳገኘ ያይበታልና።

በታኅሣሥ 1941 ጃፓኖች ዓለም አቀፉንም ሠፈር ያዙ። በጥር 1943 እንግሊዝና አሜሪካ በቻይና የነበራቸውን ልዩ መብት በውል ተዉ፤ ከተማይቱ ግን ገና በጃፓን እጅ ነበረች። በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ሻንግሃይ ከመቶ ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ በአንድ የቻይና አስተዳደር ሥር ዋለች። በግንቦት 1949 ደግሞ የኮሙኒስቶቹ ጦር ገባባት። ከዚያ ወዲያ የውጭ ነጋዴዎች ወጡ፤ በቡንድ ያሉት ባንኮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሆኑ። የሻንግሃይ ፋብሪካዎች ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ታላቅ ገቢ ሲያስገቡ፣ ለከተማይቱ ለራሷ የቀረው ግን ጥቂት ነበር። ለአንድ ቤተ ሰብ የተሠራው ቤት ለአራትና ለአምስት ቤተ ሰብ ተከፋፈለ። ቍልፉ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ነበር፤ በሩ ግን ለብዙ ዘመን ሳይከፈት ቆየ።

ባለቤቱ በሩን በራሱ እጅ የከፈተው ኋላ ነው። በ1984 ሻንግሃይ ለውጭ ንግድ ከተከፈቱት ዐሥራ አራት የጠረፍ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በሚያዝያ 1990ም ከሁዋንግፑ በስተ ምሥራቅ ያለው ፑዶንግ የተባለው አገር እንዲለማ ታወጀ። ያ ስፍራ በዚያን ጊዜ እርሻ፣ መጋዘንና የድኻ መኖሪያ ነበር። የሻንግሃይ ሰዎች «በፑዶንግ አንድ ቤት ከማግኘት በምዕራቡ ዳር አንድ አልጋ ይሻላል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ዛሬ ከዚያው መሬት ላይ በ1994 የተፈጸመው 468 ሜትር ከፍታ ያለው የቴሌቪዥን ማማ፣ እንዲሁም በ2015 የተፈጸመውና 632 ሜትር የሚደርሰው የሻንግሃይ ማማ ቆመዋል። የከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር በ1993 ተጀምሮ አሁን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። የባሕሩ ወደብ ግን ከወንዙ ዳር ርቆ ሄዷል። ታላላቆቹ መርከቦች ጥልቅ ውሃ ስለሚፈልጉ፣ በ2005 ያንግሻን በተባሉት ደሴቶች ላይ አዲስ ወደብ ተከፈተ፤ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ድልድይም 32 ኪሎ ሜትር ተኩል ርዝመት አለው። ከ2010 ጀምሮ ሻንግሃይ በኮንቴይነር ጭነት ከዓለም ወደቦች አንደኛ ስትሆን፣ በ2024 ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ መደበኛ ኮንቴይነር አስተናግዳለች።

ይህ ልማት ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከድንጋይ መቃን ቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ በጠባቡ መተላለፊያ ወንበር አውጥተው ጎረቤታቸውን ሲያጫውቱ የኖሩ አዛውንት ከከተማይቱ ዳር ወዳለ ረዥም ፎቅ ተዛውረዋል። ሰፊ ክፍልና የቧንቧ ውሃ አገኙ፤ ጎረቤታቸውን ግን አጡ። ስለዚህ ጐብኚው የቀሩትን መንደሮች ሳይጠፉ ቢያይ፣ ሲያይም የሰው መኖሪያ መሆናቸውን ዐውቆ በትሕትና ቢገባ ይገባዋል።

ለመንገደኛው የሚጠቅም ጥቂት ምክር እንጨምር። ለጉብኝት የሚመቸው ወቅት ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በሰኔ አጋማሽ የሚጀምረው ዝናብና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ወበቅ ደጋ ለለመደ ሰው ይከብዳል። በዚያ አገር ክፍያ በአብዛኛው በስልክ ስለ ሆነ፣ ከመነሣት በፊት ይህን ማዘጋጀት መልካም ነው። ከፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማይቱ በማግኔት ኀይል ከሐዲዱ ከፍ ብሎ የሚሮጥ ባቡር አለ። ወንዙን ለመሻገር ግን የሕዝቡን ጀልባ እንመርጥለታለን፤ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ ብስክሌት የያዘው ሠራተኛ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለችው እናት የሚሳፈሩበት ነው። በማለዳ ቡንድ ቢወርድ፣ ጥንት በተከለከሉት መናፈሻ ውስጥ የአገሩ ሽማግሎችና ባልቴቶች ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ያያቸዋል። ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም።

የእኛም አገር ወደዚህች ከተማ የገባችው በሰላሙ በር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1973 ወደ ሻንግሃይ በረራ ሲጀምር፣ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ወደ ቻይና ለመብረር የመጀመሪያው ሆነ። ያ አውሮፕላን መንገደኛና ጭነት ይዞ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በባለቤቱ ሕግ ሥር አረፈ። እንግዳ የሚከበረውም፣ የሚያስከብረውም በዚህ ዓይነት ሲመጣ ነው።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮቻችን፤ በጀልባው ላይ በወንዙ መካከል የደረሰ ሰው ወደ ምዕራብ ቢመለከት ባዕዳን በኀይል ገብተው የሠሩትን የድንጋይ ሰልፍ ያያል፤ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ባለ አገሮቹ በፈቃዳቸው በራቸውን ከፍተው ያቆሙትን የመስተዋት ሰልፍ ያያል። በሁለቱም ወገን የውጭ ገንዘብና የውጭ ጥበብ አለ፤ በሁለቱም ወገን የቻይና ሠራተኛ ላብ አለ። የሚለያቸው አንድ ነገር ነው፤ በአንደኛው ዳር ሕጉን የጻፈው እንግዳው ነበር፤ በሌላው ዳር ግን የጻፈው ባለቤቱ ነው። ዓለም ወደ ደጁ የሚመጣበት አገር ሁሉ በሩን መዝጋት አይጠበቅበትም፤ ቍልፉን ግን ከእጁ ማውጣት የለበትም። «ቤት ለእንግዳ!» የሚለው መልካም ቃል ከባለቤቱ አፍ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው።